የሙያ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ኢንሹራንስ እንዴት ይግዛ? ከመጀመሪያው ዝርዝር እስከ ካሣ ጥያቄው

የሒሳብ መርማሪ፣ አርክቴክት፣ መሐንዲስ፣ ጠበቃ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ የሥራ አመራር አማካሪ። ሁሉም የሚሸጡት አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው አምኖበት ገንዘቡን የሚያወጣበትን ዕውቀት። መጋዘን ሲቃጠል ጭሱ ከሩቅ ይታያል። የተሳሳተ ስሌት ግን ጭስ የለውም። ዛሬ ተፈርሞ የወጣ ሪፖርት መዘዙ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሥራውን የሠራው ሰው ለቅቆ ይሆናል፤ ፋይሉም የት እንዳለ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ከአረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ ከምትከፍሉት ክፍያ፣ ዋጋ በፊት ማየት ያለባችሁ ጊዜን ነው። አራት ቀኖችን ልብ በሉ። ሥራው የተሠራበት ቀን፣ ችግሩ የታወቀበት ቀን፣ ደንበኛው ካሣ የጠየቀበት ቀን፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያው የተነገረበት ቀን። በየዓመቱ አረቦኑን ሳያጓድል የከፈለ ድርጅት እንኳ ከእነዚህ አንዱ ካመለጠው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ይህ እንዳይደርስባችሁ ነው።

ደረጃ 1፦ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ሥራችሁን ጻፉ

አብዛኛው ድርጅት የሚጀምረው "ስንት ነው?" ብሎ በመጠየቅ ነው። እሱ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ሥራውን የሚሠሩትን ሰዎች ሰብስቡ። የፋይናንስ ክፍሉ ብቻውን አይበቃም፤ የት ቦታ ስህተት ሊፈጠር እንደሚችል የሚያውቀው በየቀኑ ሥራው ላይ ያለው ሰው ነው።

ለምትሰጡት ለእያንዳንዱ አገልግሎት አራት ጥያቄ መልሱ። ምንድን ነው የምንሠራው? በሥራችን ተማምኖ ውሳኔ የሚወስነው ማን ነው? ብንሳሳት ኪሳራው እስከ ምን ይደርሳል? ኪሳራው የሚታየው መቼ ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። በሥራችሁ የሚተማመነው ውል የፈረመላችሁ ደንበኛ ብቻ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1963 ያኔ የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የወሰነው የሄድሊ በርን ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የደንበኛውን የገንዘብ አቅም ለማወቅ በራሱ ባንክ በኩል የደንበኛውን ባንክ አስጠየቀ። መልሱ የሚያበረታታ ነበር። ደንበኛው ግን ከሰረ፤ የማስታወቂያ ድርጅቱም ከ17 ሺህ ፓውንድ በላይ አጣ። በድርጅቱና መረጃውን በሰጠው ባንክ መካከል ምንም ውል አልነበረም። የሆነ ሆኖ ችሎቱ በሙያው ተማምኖ ለሚጠይቅ ሰው በግዴለሽነት የተሳሳተ መረጃ የሰጠ፣ ውል ባይኖርም ሊጠየቅ ይችላል የሚለውን መርህ አጸና። ባንኩ ያመለጠው ደብዳቤው ላይ "ያለ ኃላፊነት የተሰጠ" የሚል ቃል ስላሰፈረ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። ሪፖርታችሁ ከደንበኛው እጅ ወጥቶ ወደ ባንክ፣ ወደ ገዢ፣ ወደ ባለአክሲዮን ሊሄድ ይችላል፤ ዝርዝራችሁ ውስጥ እነሱም ይግቡ። ሪፖርቱን ማን ለምን ዓላማ ሊጠቀምበት እንደሚችል የሚወስን አንድ አንቀጽም ከፊት ገጹ ላይ አይጥፋ።

ደረጃ 2፦ የትኛው ኢንሹራንስ የትኛውን ጉዳት እንደሚይዝ ለዩ

ዋናው የሙያ ኃላፊነት መድን ነው። በሙያ ሥራ ላይ በተፈጠረ ስህተት፣ ጉድለት ወይም መዘንጋት ሌላ ሰው ሲጎዳና ካሣ ሲጠይቅ፣ ካሣውንና የጠበቃ ወጪውን ይይዛል።

የአጠቃላይ ኃላፊነት መድን ሌላ ነው። ቢሯችሁ የመጣ እንግዳ መሬት ላይ በተዘረጋ ገመድ ተጠልፎ ቢወድቅ የሚመለከተው ይሄኛው ነው። የሰጣችሁት ምክር ደንበኛውን ገንዘብ ካሳጣው ደግሞ የመጀመሪያው። እስከዚህ ግልጽ ነው። ችግሩ መሀል ላይ ያለው ነው። የሠራችሁት ንድፍ ተሳስቶ ግድግዳ ቢወድቅና ሰው ቢጎዳስ? የአጠቃላይ ኃላፊነት ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) ብዙ ጊዜ ከሙያ አገልግሎት የሚመጣን ጉዳት ያስወጣሉ። አንዳንድ የሙያ ኃላፊነት ፖሊሲዎች ደግሞ የአካል ጉዳትን ያስወጣሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ይህንን አንድ ጥያቄ ሳትመልሱ አትፈርሙ። ከተቻለ ሁለቱንም ከአንድ ኩባንያ መግዛት ይሻላል፤ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ ጣት ሲቀሳሰሩ እናንተ መሀል ላይ አትቀሩም።

የሳይበር መድን ዛሬ የቅንጦት አይደለም። የሙያ ድርጅት ሀብቱ የደንበኛ ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት ሲሠራጭ ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለው ትልቅ የሕግ ድርጅት ስልክና ኢሜይል ተቋርጦበት ነበር። ሁለት ዓይነት ሽፋን እንዳለ እወቁ። አንደኛው የራሳችሁን ወጪ፣ ማለትም ሲስተም ማስተካከልን፣ መረጃ መመለስን፣ የቆመ ሥራን ይይዛል። ሁለተኛው መረጃው የወጣበት ደንበኛ የሚያነሳውን ጥያቄ ይይዛል። ሁለቱም ያስፈልጋችኋል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። የሠራተኞች ጉዳት መድን በብዙ አገር የሕግ ግዴታ ነው፤ ብሪታንያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ ሕግ ነው ያስገደደችው። የእምነት ማጉደል መድን ሠራተኛ ገንዘብ ሲሰርቅ ይሠራል፤ የደንበኛ ገንዘብ በአደራ የምትይዙ ከሆነ አትዝለሉት። የዳይሬክተሮች ኃላፊነት መድን በአመራር ውሳኔ ምክንያት በግል የሚከሰሱትን ይከላከላል። የንብረትና የሥራ መቋረጥ መድን ደግሞ ቢሮው ሲጎዳ ነው።

በንብረት መድን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 1 ሚሊዮን የሚያወጣ ዕቃ በ600 ሺህ ብቻ አስመዝግባችሁ 200 ሺህ የሚያወጣው ቢጠፋ፣ ብዙ ፖሊሲዎች የሚከፍሉት 200 ሺህ ሳይሆን 120 ሺህ ነው። ያስመዘገባችሁት ከእውነተኛው ዋጋ 60 በመቶ ስለሆነ ካሣውም በዚያው ልክ ይቀነሳል። የኮምፒውተርና የዕቃ ዝርዝራችሁን በየዓመቱ አድሱ።

ደረጃ 3፦ ቀኖቹን አጥኑ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የመኪና ኢንሹራንስ የሚታየው አደጋው በደረሰበት ቀን ነው። የሙያ ኃላፊነት መድን ግን በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። የሚሠራው ደንበኛው ካሣ በጠየቀበት ጊዜ በእጃችሁ ያለው ፖሊሲ ነው። ሥራውን በሠራችሁበት ዓመት የነበረው ፖሊሲ ጊዜው ካለፈ አልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ቀን ይጨመራል። ፖሊሲው ወደ ኋላ እስከየት ድረስ የተሠራን ሥራ እንደሚሸፍን የሚወስን ቀን ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሥራ አይሸፈንም።

አንድ የመሐንዲሶች ድርጅት እንውሰድ። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ሕንፃ ንድፍ ሠራ። ኢንሹራንስ የገዛው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ፖሊሲው ወደ ኋላ የሚሸፍነውም ከሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ አንስቶ የተሠራውን ብቻ ነው። በስድስተኛው ዓመት ሕንፃው ተሰነጠቀ፣ ባለቤቱም ካሣ ጠየቀ። ፖሊሲው በስድስተኛው ዓመትም አለ፣ አረቦኑ ተከፍሏል። ካሣ ግን የለም፤ ንድፉ የተሠራው ከዚያ ቀን በፊት ነውና። ድርጅቱ ሲገዛ ወደ ኋላ ገደብ የሌለው ሽፋን ጠይቆ ቢሆንና ያኔ ስለ ችግሩ ምንም የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ይሸፈን ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ይበልጥ ያስቆጫል። ያው ድርጅት በአራተኛው ዓመት ሌላ ንድፍ ሠራ። በአምስተኛው ዓመት አረቦኑ ረከስ ያለ ኩባንያ አገኘና ቀየረ። አዲሱ ኩባንያ ወደ ኋላ የሚሸፍንበትን ቀን ከአምስተኛው ዓመት አስጀመረው። በሰባተኛው ዓመት ደንበኛው ሲጠይቅ የድሮው ኩባንያ "ውላችን አልቋል" ይላል፣ አዲሱ "ሥራው ከእኔ በፊት ነው" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከፋዩ መሐንዲሱ ነው።

ስለዚህ ኩባንያ ስትቀይሩ የድሮው ቀን ወደ አዲሱ ፖሊሲ እንዲዛወር በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል "ችግር የለውም" መባል አይበቃም። በእድሳት መካከል የአንድ ቀን ክፍተት እንኳ አይኑር። የፖሊሲውን የመጀመሪያ ገጽ አውጥታችሁ ቀኑን በዓይናችሁ እዩት።

ደረጃ 4፦ የካሣውን ጣሪያ በገቢያችሁ ሳይሆን በጉዳቱ ለኩ

ከደንበኛው የምትቀበሉት ክፍያ 200 ሺህ ሊሆን ይችላል። የምትነድፉት ሕንፃ ግን 80 ሚሊዮን ያወጣል። የካሣ ጣሪያ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን፣ የሚመረጠው በሁለተኛው ቁጥር ነው። በደረጃ 1 የጻፋችሁት የሦስተኛው ጥያቄ መልስ እዚህ ይጠቅማችኋል። ያን ያህል ሽፋን ለመግዛት አቅም ካጣችሁ፣ ሌላኛው መንገድ ከደንበኛው ጋር በምታደርጉት ውል ላይ የኃላፊነታችሁን ልክ በገንዘብ መወሰን ነው። ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ ሁለቱ ቁጥሮች ቢገናኙ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ጣሪያው እንዴት እንደሚቆጠር ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ነው ወይስ ለዓመቱ በሙሉ? የዓመቱ ከሆነ በጥር የተከፈለው ለጥቅምቱ አይተርፍም። ከአንድ ስህተት የተነሱ ብዙ ጥያቄዎችስ እንደ አንድ ይቆጠራሉ? እንደ አንድ ከተቆጠሩ፣ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት በየጥያቄው ከራሳችሁ ኪስ የምትሸፍኑት ድርሻ አንዴ ብቻ ይሆናል፤ በአንጻሩ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይገባሉ።

የጠበቃ ወጪውን ነገር በተለይ አጥብቃችሁ ያዙት። ጣሪያው 10 ሚሊዮን ነው እንበል። ክርክሩ 3 ሚሊዮን ፈጀ፣ ፍርድ ቤቱም 9 ሚሊዮን ካሣ ፈረደ። የጠበቃ ወጪው ከጣሪያው ውስጥ የሚቀነስ ከሆነ ለካሣው የተረፈው 7 ሚሊዮን ነው፤ 2 ሚሊዮኑን እናንተ ትከፍላላችሁ። ወጪው ከጣሪያው ውጭ ከሆነ ግን 9 ሚሊዮኑ በሙሉ ይሸፈናል። ሁለቱ ፖሊሲዎች ሽፋናቸው ላይ "10 ሚሊዮን" ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። አንድ አይደሉም።

ደረጃ 5፦ የደንበኛውን ውል ከፖሊሲው ጋር አጋጥሙ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። የሙያ ኃላፊነት መድን በመሠረቱ የሚሸፍነው ግዴለሽነትን ነው፤ ማለትም አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ የሚያደርገውን ተገቢ ጥንቃቄ አለማድረግን። ከዚያ አልፋችሁ በውል ቃል የገባችሁትን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ለምሳሌ ደንበኛው ያቀረበው ውል ላይ እንዲህ ተጽፎ ልታገኙ ትችላላችሁ፦ "አማካሪው የሚሠራው ሥራ ለታሰበለት ዓላማ ሙሉ በሙሉ ተስማሚ እንደሚሆን ዋስትና ይሰጣል።" ስታነቡት ምንም ክፋት የለውም። ግን ምንም ሳታጠፉ ሥራው ለዓላማው ሳይሆን ቢቀር ተጠያቂ ያደርጋችኋል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ጥፋት ከሌለ የሚሸፍነው የለውም። አንቀጹን በዚህ እንዲተካ ጠይቁ፦ "አማካሪው በተመሳሳይ ሥራ ልምድ ካለው ባለሙያ የሚጠበቀውን ተገቢ ክህሎትና ጥንቃቄ ተጠቅሞ ሥራውን ያከናውናል።" አብዛኛው ደንበኛ ምክንያቱን ስታስረዱት ይስማማል፤ ለሱም ቢሆን ኢንሹራንስ የማይከፍልበት ቃል ብዙ አይጠቅመውም።

በውሉ ላይ የዘገየ ሥራ ቅጣት፣ "ለማንኛውም ኪሳራ እንክሳለን" የሚል ቃል፣ የውጤት ዋስትና ካለም እንዲሁ ምልክት አድርጉበት። ሥራ ለንዑስ አማካሪ የምትሰጡ ከሆነ የእሱ ስህተት በእናንተ ፖሊሲ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ፣ የእሱንም የመድን ማስረጃ ኮፒ ፋይል አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ቅጹን ሳትሸፋፍኑ ሙሉ

ኢንሹራንስ ገዢው የሚያውቀውን ቁም ነገር ሳይደብቅ መናገር አለበት የሚለው መርህ የቆየ ነው። የእንግሊዙ ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1766 በካርተርና ቦም ጉዳይ ያብራሩት ይህንኑ ነው። አገሮች ቅጣቱን በተለያየ መንገድ ያዩታል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ በንግድ መድን ላይ ሆን ተብሎ ወይም በግድ የለሽነት ያልተደበቀ ከሆነ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር እንዲመጣጠን አድርጋለች። በሌላ ቦታ ግን አንድ የተዘለለ ነገር ሙሉ ፖሊሲውን ሊያፈርስ ይችላል።

ቅጹ ላይ "ካሣ ሊያስጠይቅ የሚችል ሁኔታ ታውቃላችሁ?" የሚል ጥያቄ አለ። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን "አናውቅም" ብሎ አይፈርም። ከመሙላቱ በፊት ለሁሉም አጋሮችና የፕሮጀክት ኃላፊዎች ጥያቄውን በኢሜይል ላኩ፣ መልሳቸውን አስቀምጡ። ያለፈውን ዓመት ቅጽ ቀን ቀይሮ መላክም ይቅር። ዓመቱን አዲስ ዓይነት ሥራ ጀምራችሁ ከሆነ ይጻፍ፤ የሥራ ዓይነታችሁን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚሸፈን የሚወስነው እሱ ነው። "የአይቲ አማካሪ" ብሎ ያስመዘገበ ድርጅት ሶፍትዌር ገንብቶ ሲሸጥ ቢሳሳት ክርክር ይነሳል።

ደረጃ 7፦ ቅናሾቹን ስታወዳድሩ ከማይሸፈኑት ጀምሩ

ቢያንስ የሁለት ሦስት ኩባንያ ሙሉ የፖሊሲ ጽሑፍ አስመጡ። ማጠቃለያው አይበቃም። መጀመሪያ "የማይሸፈኑ" የሚለውን ክፍል አንብቡ።

ከእነዚህ አንዱ የሆነው የጦርነት ማግለያ፣ ማለትም በጦርነት የሚመጣን ጉዳት ከሽፋን የሚያስወጣው አንቀጽ፣ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ኖትፔትያ አሳይቷል። ሞንደሊዝ የተባለው የምግብ ኩባንያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲጠይቅ፣ ኢንሹራንሱ ጥቃቱን ከጦርነት መሰል ድርጊት ቆጥሮ አልከፍልም አለ። ጉዳዩ በስምምነት ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ሎይድስ ኦፍ ለንደን የተባለው የኢንሹራንስ ገበያም ከመጋቢት 2023 መጨረሻ ጀምሮ ራሳቸውን የቻሉ የሳይበር ፖሊሲዎች በመንግሥት የተደገፈ ጥቃትን የሚመለከት ማግለያ እንዲኖራቸው አዟል። ቃሉ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። የእናንተ ላይ ምን እንደሚል እዩት።

ደላላውን ስትጠይቁ በምሳሌ ጠይቁ። "ጥሩ ነው ወይ?" አትበሉ። ከደረጃ 1 ዝርዝራችሁ ላይ ሦስቱን መጥፎ ሁኔታዎች ላኩለትና "ይህ ቢደርስ ይሸፈናል? በየትኛው አንቀጽ?" በሉት። መልሱ በጽሑፍ ይምጣ።

ደረጃ 8፦ ችግር ሲሸት ቶሎ ተናገሩ

ደንበኛ ካሣ የሚጠይቀው ሁልጊዜ በጠበቃ ደብዳቤ አይደለም። ብዙ ጊዜ አንዲት ኢሜይል ናት፦ "በላካችሁት ሒሳብ ላይ ልዩነት አግኝተናል። ባንኩ ብድሩን አዘግይቶብናል። እንዴት ልናስተካክለው ነው?" ካሣ የሚል ቃል የለበትም። ግን ስህተት ተጠቅሷል፣ ጉዳት ተጠቅሷል፣ እናንተ እንድታስተካክሉ ተጠይቋል። ይህ ለኢንሹራንስ የሚነገር ነገር ነው።

ብዙ ፖሊሲዎች ገና ጥያቄ ያልመጣበትን፣ ሊመጣ የሚችልበትን ሁኔታ አስቀድማችሁ እንድታሳውቁ ይፈቅዳሉ፤ እንዲያውም ያስገድዳሉ። በጊዜው ካሳወቃችሁ ጥያቄው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመጣም ያሳወቃችሁበት ዓመት ፖሊሲ ይይዘዋል። ዝም ብላችሁ ካሳደሳችሁ ወይም ኩባንያ ከቀየራችሁ ግን ኢንሹራንሱ "ታውቁ ነበር" ይላችኋል። በተለይ እድሳት ሲቃረብ ፋይሎቻችሁን ፈትሹ። አረቦን ይጨምርብኛል ብሎ መደበቅ በጣም ውድ ቁጠባ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ሥራው መቼ እንደተሠራ፣ ምን ተፈጠረ እንደተባለ፣ እናንተ መቼ እንዳወቃችሁና ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ምን እንደሆነ አስፍሩ። ኢሜይሉን አያይዙ። ለደንበኛው "ደርሶናል፣ እያየነው ነው" ብላችሁ በአክብሮት መልሱ። ጥፋተኛ ነን ማለት፣ ካሣ ለመክፈል መስማማት፣ ክፍያ መመለስ ከኢንሹራንሱ ፈቃድ በፊት አይሆንም። በቀና ልብ የተጻፈ ይቅርታ ሽፋን ሲያሳጣ ማየት ያሳዝናል። ከፋይሉ ምንም አታጥፉ፣ ምንም አታርሙ።

ደረጃ 9፦ ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ሲሸጥ

ሥራ ስታቆሙ ፖሊሲው ካልታደሰ፣ ያለፉት ዓመታት ሥራዎች በሙሉ ራቁታቸውን ይቀራሉ። ለዚህ ተብሎ ከመዘጋት በኋላ የሚቆይ ሽፋን አለ። ከመዘጋቱ በፊት ለተሠራው ሥራ፣ ከመዘጋቱ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ይይዛል። በእንግሊዝ የጠበቆች ድርጅት ሲዘጋ የስድስት ዓመት ሽፋን ግዴታ ነው። በእናንተ አገር ግዴታ ባይሆንም፣ ለሙያ ስህተት ክስ የሚቀርብበት የይርጋ ጊዜ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠበቃ ጠይቁና ቢያንስ ያንን ያህል ግዙ። ድርጅቱን የምትሸጡ ከሆነ ይህን ሽፋን ማን እንደሚከፍል የሽያጭ ውሉ ላይ አስፍሩ። ጡረታ የሚወጣ አጋር ካለም ስሙ በፖሊሲው "የቀድሞ አጋሮች" ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ፤ የፖሊሲዎቹን ኮፒም ይዞ ይሂድ።